ቀኑ ከየት ይቈጠራል? ለንኡስ ተቋራጮች በወቅቱ ስለ መክፈል በወጡ ሕጎች ላይ የቀረበ ሂስ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ ቀላል ጥያቄ ነው። አንድ ሕግ «ዋናው ተቋራጭ ለንኡስ ተቋራጩ በሰባት ቀን ውስጥ ይክፈል» ብሎ ሲያዝ፣ ሰባቱ ቀኖች መቈጠር የሚጀምሩት ከየትኛው ቀን ነው? ጥያቄው በመጀመሪያ ሲሰማ የሒሳብ ሹም ሥራ እንጂ የምርምር ጉዳይ አይመስልም። ነገር ግን በዚህ ነገር ላይ ሕግ ያወጡ አገሮችን ድንጋጌ ጎን ለጎን አድርገን ስንመለከተው፣ የሕጉ ጥቅም የሚወሰነው በቀኖቹ ማነስ ወይም መብዛት ሳይሆን በመቈጠሪያው መነሻ መሆኑን ተረድተናል። በሕግ ትምህርት ክፍልም ሆነ በምሕንድስና ትምህርት ክፍል ስለ ክፍያ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የቀኑ ቍጥር ብቻ ስለ ሆነ፣ ይህን አሳብ ለጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን ማቅረብ ይጠቅማል ብለን አሰብን። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

፩. የገንዘቡ መንገድ

በመጀመሪያ ገንዘቡ ከአሠሪው ኪስ ወጥቶ ሠራተኛው እጅ እስኪገባ ድረስ የሚሄድበትን መንገድ እንመልከት። አንድ ሰው ወይም አንድ መሥሪያ ቤት ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ለማሠራት ሲፈልግ ከአንድ ዋና ተቋራጭ ጋራ ይዋዋላል። ዋናው ተቋራጭ ግን ሥራውን ሁሉ ራሱ አይሠራም። ልስኑን ለአንዱ፣ ቧንቧውን ለሌላው፣ የኤሌክትሪኩን መስመር ለሦስተኛው ይሰጣል። እነዚህ ንኡስ ተቋራጮች የሚዋዋሉት ከዋናው ተቋራጭ ጋራ ብቻ ስለ ሆነ ከአሠሪው ጋራ በውል አይተዋወቁም።

የልስን ሥራ የያዘውን ሰው ለምሳሌ እንውሰድ። ይህ ሰው ሠላሳ ሠራተኞች አሉት እንበል። ሦስት ፎቅ ለስኖ ሲጨርስ ሥራው ይለካል፤ ዋናው ተቋራጭም ልኬቱን ከሌላው ሥራ ሁሉ ጋራ ጨምሮ የራሱን የክፍያ ጥያቄ ያዘጋጃል። ጥያቄው ወደ አማካሪው መሐንዲስ ይሄዳል፤ መሐንዲሱ መርምሮ የክፍያ ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ወረቀቱ ወደ አሠሪው የሒሳብ ክፍል ይገባል፤ ከዚያም ገንዘቡ ለዋናው ተቋራጭ ይከፈላል፤ በመጨረሻም ዋናው ተቋራጭ ለባለ ልስኑ ይከፍላል። በዚህ መንገድ ላይ አራት በሮች አሉ። ባለ ልስኑ ከመጀመሪያው በር በኋላ ያለውን አያይም።

በሌላው ወገን ደግሞ የባለ ልስኑ ሠራተኞች ደመወዛቸውን የሚቀበሉት በየሳምንቱ ወይም በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው። ሲሚንቶውና አሸዋው የሚገዛው በእጅ በእጅ ነው። እንግዲህ ከእርሱ የሚወጣው ገንዘብ ቀኑ የታወቀ ሲሆን፣ ወደ እርሱ የሚገባው ገንዘብ ቀኑ አይታወቅም። ችግሩ በሙሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። በመካከሉ የሚጎድለውን ገንዘብ የሚሞላው ባለ ልስኑ ከሆነ፣ ሕንፃውን በብድር የሚያሠራው ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሌለው ሰው ሆነ ማለት ነው።

፪. ገንዘቡ ከደረሰበት ቀን የሚቈጥር ሕግ

የአሜሪካ ፌደራላዊ መንግሥት በወቅቱ ስለ መክፈል የሚናገረውን ሕግ በ1982 ሲያወጣ፣ ሕጉ የሚመለከተው መንግሥት ለተቋራጮች የሚከፍለውን ገንዘብ ብቻ ነበር። በ1988 ሕጉ ሲሻሻል ግዴታው ወደ ታች ወረደ። በዚህ መሠረት በፌደራል መንግሥት የግንባታ ሥራ ላይ ዋናው ተቋራጭ ከመንግሥት ገንዘቡን በተቀበለ በሰባት ቀን ውስጥ ለንኡስ ተቋራጩ መክፈል አለበት፤ ካልከፈለ ወለድ ይታሰብበታል። ንኡስ ተቋራጩም ከበታቹ ላሉት በተመሳሳይ ጊዜ እንዲከፍል ውሉ ያስገድደዋል።

ይህ ሕግ ሁለት የሚመሰገኑ ነገሮች አሉት። አንደኛው፣ ዋናው ተቋራጭ አዲስ የክፍያ ጥያቄ ሲያቀርብ ካለፈው ክፍያ ለንኡስ ተቋራጮቹ የሚገባቸውን መክፈሉን በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ሁለተኛው፣ ገንዘብ ለመያዝ ሲፈልግ የሚይዘውን ልክ፣ የያዘበትን ምክንያትና ጉድለቱ እንዴት እንደሚታረም ለንኡስ ተቋራጩ በጽሑፍ መግለጽና ግልባጩን ለመንግሥቱ የውል ሹም መስጠት አለበት። ዝም ብሎ ገንዘብ ይዞ መቀመጥ አይፈቀድለትም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሰባቱ ቀኖች የሚቈጠሩት ዋናው ተቋራጭ ገንዘቡን ከተቀበለበት ቀን ነው። ገንዘቡ ካልደረሰ ሰባቱ ቀኖች አይጀምሩም። ከላይ የጠቀስነው ባለ ልስን ሥራውን በሚገባ ፈጽሞ ሳለ፣ መንግሥት ከዋናው ተቋራጭ ጋራ በመሠረቱ ወይም በጣሪያው ሥራ ላይ ቢጣላና ክፍያውን ቢያቈይ፣ ልስኑ ምንም ጉድለት ባይኖርበትም የባለ ልስኑ ቀን መቈጠር አልጀመረም። በእርግጥ ንኡስ ተቋራጩ የመንግሥቱን የውል ሹም ስለ ክፍያ ጥያቄው ሊጠይቅ ይችላል፤ ነገር ግን መጠየቁ ቀኑን አያስጀምረውም። ከዚህም በላይ በሁለቱ ተቋራጮች መካከል በሚነሣው ክርክር መንግሥት ተከራካሪ ወገን እንደማይሆን ሕጉ ራሱ ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። በ1935 የወጣው የሚለር ሕግ የሚባለው፣ ዋናው ተቋራጭ ለንኡስ ተቋራጮች ክፍያ ዋስ እንዲጠራ ያስገድዳልና ንኡስ ተቋራጩ ያለ መከታ አልቀረም ይባላል። እውነት ነው። ዳሩ ግን በዚያ ዋስትና ላይ ክስ ማቅረብ የሚቻለው የመጨረሻው ሥራ ከተሠራ ወይም የመጨረሻው ዕቃ ከቀረበ 90 ቀን ካለፈ በኋላ ነው። 90 ቀን ማለት ስድስት የአሥራ አምስት ቀን ደመወዝ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሰባት የተባለው ቀን፣ ነገሩ ሲበላሽ ዘጠና ሆኖ ይገኛል። ገንዘቡ ከላይ ካልወረደ በቀር የሰባት ቀኑ ሕግ ለባለ ልስኑ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ነው።

፫. መነሻውን አጥብቆ ቍጥሩን የለቀቀ ሕግ

እንግሊዞች የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። በ1994 ሰር ማይክል ላተም በመንግሥትና በግንባታው ኢንዱስትሪ ጥያቄ ባቀረቡት መግለጫ፣ በግንባታ ሥራ ላይ ላለው አለመተማመን አንዱ ምክንያት የክፍያው ነገር መሆኑ ተመልክቷል። ከዚህም በኋላ በ1996 የወጣውና በ1998 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ «ለእኔ ሲከፈለኝ እከፍልሃለሁ» የሚለውን የውል ቃል ዋጋ የሌለው አደረገው። ይህ ቃል ዋጋ የሚኖረው ከላይ ያለው ከፋይ ሲከስር ብቻ ነው። እንደዚሁም ገንዘቡ ያልተከፈለው ወገን የሰባት ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራውን ለማቆም መብት አገኘ፤ ክርክር ቢነሣ ደግሞ በ28 ቀን ውስጥ የሚወስን ዳኛ ለማስመረጥ ተፈቀደለት። ሕጉ በ2009 ተሻሽሎ በ2011 ሥራ ላይ ሲውል፣ ክፍያውን በሌላ ውል ላይ ከሚፈጸም ነገር ጋራ ማሰሩም ተከለከለ።

በእኛ አስተያየት ይህ ሕግ የጥያቄውን ፍሬ አግኝቷል፤ የባለ ልስኑን ቀን ከአሠሪው ቀን ለይቶታልና። ነገር ግን አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ክፍት ተወው። ገንዘቡ መከፈል በሚገባው ቀንና የመጨረሻ የመክፈያው ቀን በሚሆነው መካከል ያለውን ጊዜ ተዋዋዮቹ እንደ ፈቀዱ ለመወሰን ነፃ ናቸው ይላል። እንግዲህ ዋናው ተቋራጭ «አሠሪው ሲከፍለኝ» ማለት ቢከለከል፣ «ከአራት ወር በኋላ» ማለት አልተከለከለም።

ይህ የተባለው ለክርክር ያህል ብቻ አይደለም። ካሪሊየን የተባለው ታላቅ የእንግሊዝ ተቋራጭ ኩባንያ በጥር ወር 2018 በከሰረ ጊዜ፣ የተለመደው የመክፈያ ጊዜው 120 ቀን እንደ ነበረ የፓርላማው ኮሚቴዎች በዚያው ዓመት ባወጡት መግለጫ ተመልክቷል። ቶሎ መቀበል የፈለገ አቅራቢ በ45 ቀን ሊከፈለው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ከገንዘቡ ላይ ቅናሽ ማድረግ ነበረበት። ኩባንያው ሲወድቅ ወደ 30,000 ለሚሆኑ አቅራቢዎች፣ ንኡስ ተቋራጮችና ሌሎች የአጭር ጊዜ ባለገንዘቦች 2 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ዕዳ ነበረበት። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ይኸው ኩባንያ በወቅቱ ለመክፈል በፈቃድ በሚገባበት ደንብ ላይ ስሙን አስፍሮ የነበረ መሆኑ ነው። በፈቃድ የሚገባበት ደንብ የሚያስገድደው አስቀድሞም ለመክፈል ያሰበውን ሰው ብቻ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

የካሪሊየን ታሪክ ሌላም ትምህርት ይሰጣል። ንኡስ ተቋራጩ ለ120 ቀን ያልተከፈለው ገንዘብ በዚያ ጊዜ ሁሉ ዋናውን ተቋራጭ የሚያንቀሳቅስ ብድር ሆኖ ይቈያል። ባንክ ሲያበድር መያዣ ይጠይቃል፤ ወለድም ያስባል፤ ባለ ልስኑ ግን ያለ መያዣ ያበድራል። ኩባንያው ሲወድቅ ባለ መያዣዎቹ ቀድመው ይወስዳሉ፤ ባለ ልስኑ ከኋላ ይሰለፋል።

፬. ሁለት ሌሎች መንገዶች

ፈረንሳዮች በታኅሣሥ ወር 1975 ባወጡት ሕግ ቀኑን ከማሳጠር ይልቅ መንገዱን አሳጠሩት። በመንግሥት ሥራ ላይ አሠሪው የተቀበለውና የክፍያ ሁኔታውን ያጸደቀው ንኡስ ተቋራጭ ገንዘቡን በቀጥታ ከአሠሪው ይቀበላል፤ በግል ሥራ ላይ ደግሞ ዋናው ተቋራጭ ካልከፈለው አሠሪውን በቀጥታ ለመጠየቅ ይችላል። በዚህ ዐይነት ገንዘቡ በዋናው ተቋራጭ ካዝና ውስጥ አያድርም። ጉድለቱ ግን ንኡስ ተቋራጩ በአሠሪው ዘንድ የታወቀ መሆን ያለበት መሆኑ ነው። ዋናው ተቋራጭ በስውር ያሠራው ሰውና ከንኡስ ተቋራጩ በታች ያለው ሰው ያንኑ ያህል ጥበቃ አያገኙም። በእኛ አገር ብዙው የልስን፣ የግንብና የፌሮ ሥራ የሚሰጠው በቃል ወይም በአንዲት ገጽ ወረቀት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ የካናዳዋ የኦንታሪዮ ክፍለ አገር ሕግ ነው። ከጥቅምት 1 ቀን 2019 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት አሠሪው ተገቢው ሒሳብ ከቀረበለት በ28 ቀን ውስጥ ይከፍላል፤ ዋናው ተቋራጭ ገንዘቡን ከተቀበለ በሰባት ቀን ውስጥ ለንኡስ ተቋራጩ ይከፍላል። እስከዚህ ድረስ የአሜሪካውን ይመስላል። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። አሠሪው ባይከፍልም ዋናው ተቋራጭ ሒሳቡን ካቀረበ በ35 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። ከዚህ ግዴታ ነፃ ለመሆን የሚችለው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ለንኡስ ተቋራጩ አለመከፈሉን በጽሑፍ ካስታወቀና ነገሩን በ21 ቀን ውስጥ ለፈጣን ዳኝነት እንደሚያቀርብ ከተገዘተ ብቻ ነው።

ይህን ድንጋጌ ካየናቸው ሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። ዋናው ተቋራጭ ዝም ካለ ይከፍላል፤ ላለመክፈል ከፈለገ መናገርና መከራከር አለበት። በአሜሪካው ሕግ ገንዘቡ እስኪደርስ ድረስ ዝምታ የሚጠቅመው ባለዕዳውን ነው፤ እዚህ ግን ዝምታ ባለዕዳውን ይጎዳዋል። እርግጥ መቈጠሪያው የሚነሣው ዋናው ተቋራጭ ሒሳቡን ካቀረበበት ቀን እንጂ ንኡስ ተቋራጩ ካቀረበበት ቀን ስላልሆነ ፍጹም ነው አንልም። ቢሆንም ውሉ ሌላ ካልወሰነ በቀር ሒሳቡ በየወሩ እንዲቀርብ ስለ ታዘዘ መነሻው ጨርሶ የተሰወረ አይደለም።

፭. ወደ አገራችን ስንመለስ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ውል በሚናገረው ክፍል ለዚህ ጉዳይ የሚሆኑ ጠቅላላ ደንቦች አሉት። ውል የተዋዋሉትን ሰዎች እንደ ሕግ ያስራል። ባለገንዘቡ ባለዕዳውን ውሉን አልፈጸምህም ለማለት አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው እንደሚገባ በ1772ኛው አንቀጽ ተመልክቷል። ሕጋዊው ወለድ ደግሞ በ1751ኛው አንቀጽ መሠረት ከመቶ ዘጠኝ ነው። ነገር ግን «ሲከፈለኝ እከፍልሃለሁ» የሚለውን የውል ቃል በተለይ ስሙን ጠርቶ የሚከለክል አንቀጽ የለም።

እነዚህን ደንቦች በባለ ልስኑ ላይ እንሞክራቸው። በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይስጥ ተብሏል። ማስጠንቀቂያ መስጠት በሕግ ቀላል ነው፤ በኑሮ ግን ከባድ ነው። ማስጠንቀቂያ የጻፈ ንኡስ ተቋራጭ በሚቀጥለው ሕንፃ ላይ እንደማይጠራ ያውቃል። ስለዚህ ብዙው ሰው ደጅ ይጠናል እንጂ ደብዳቤ አይጽፍም፤ ደብዳቤ እስካልጻፈ ድረስም ወለዱ አይቈጠርለትም።

ቀጥሎ ወለዱን እናስላ። ዋናው ተቋራጭ የባለ ልስኑን 500,000 ብር ለስድስት ወር ቢያቈይ፣ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ከመጀመሪያው ቀን ነው ብንል እንኳ ከመቶ ዘጠኝ የሚታሰበው ወለድ 22,500 ብር ነው። ያንኑ ገንዘብ ከባንክ ከመቶ ዐሥራ አምስት ቢበደር ኖሮ 37,500 ብር ይከፍል ነበር። ስለዚህ በማዘግየቱ 15,000 ብር ተረፈው። በ2022 እንደ ታየው የዕቃ ዋጋ በዓመት ከመቶ ሠላሳ በላይ ሲጨምር ደግሞ፣ ዘግይቶ የተከፈለው ገንዘብ የሚገዛው ሲሚንቶ በጊዜው ቢከፈል ከሚገዛው እጅግ ያንሳል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ ከውጭ የሚመጣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ዕቃ ለመግዛት ክፍያውን ይጠብቅ የነበረ ንኡስ ተቋራጭ ያገኘውን ጉዳት ከመቶ ዘጠኝ ወለድ ይክሰዋል ማለት አይቻልም። ከባንክ ወለድ ያነሰ የመዘግየት ወለድ ባለዕዳውን እንዲዘገይ ይጋብዘዋል።

በታላላቅ ሥራዎች፣ በተለይም በመንገድ ሥራ፣ ፊዲክ በሚባለው የዓለም አቀፍ አማካሪ መሐንዲሶች ማኅበር የተዘጋጀው የውል ደንብ በአገራችን ተሠርቶበታል። በ1999 በታተመው ቀይ መጽሐፍ ውስጥ፣ መሐንዲሱ ዋናውን ተቋራጭ ለንኡስ ተቋራጩ መክፈሉን እንዲያስረዳ ሊጠይቀው፣ ካላስረዳም አሠሪው በቀጥታ ሊከፍል እንደሚችል ተጽፏል። ነገር ግን ይህ የሚጠቅመው በአሠሪው በኩል የተመረጠውን ንኡስ ተቋራጭ ብቻ ነው። ዋናው ተቋራጭ ራሱ የመረጠው ባለ ልስን በዚህ አንቀጽ አይጠለልም።

፮. ስለ ዋናው ተቋራጭ የሚነገረው

ዋናውን ተቋራጭ ክፉ ሰው አድርገን ልናቀርበው አንፈልግም። እርሱም ቢሆን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ከግል አሠሪ ገንዘቡን ሲጠብቅ ወራት ያልፉበታል። «ሳይከፈለኝ ከኪሴ ክፈል ብትሉኝ እከስራለሁ፤ እኔ ከከሰርሁም ንኡስ ተቋራጩ አይተርፍም» ቢል ንግግሩ ፍሬ አለው።

ቢሆንም ኪሳራ ከሁለት በአንዱ ላይ መውደቁ ካልቀረ፣ በማን ላይ ቢወድቅ ፍትሕ ይሆናል ብለን መጠየቅ አለብን። አሠሪውን የመረጠው ዋናው ተቋራጭ ነው። አሠሪው ገንዘብ ያለው መሆኑን ለመመርመር ዕድል የነበረው እርሱ ነው። ቅድሚያ ክፍያ የሚቀበለውም እርሱ ነው። በዘገየው ክፍያ ላይ አሠሪውን ወለድ የሚጠይቅበት ውልም በእጁ አለ። ባለ ልስኑ ከእነዚህ አንዱም የለውም። አደጋውን አስቀድሞ ለማየትና ለመከላከል የሚችለው ሰው አደጋውን ቢሸከም ተገቢ ነው። ለዋናው ተቋራጭ የሚገባው እርዳታ አሠሪውም በተወሰነ ቀን እንዲከፍል ማስገደድ ነው እንጂ የእርሱን ሸክም ወደ ታች እንዲያሳልፍ መፍቀድ አይደለም።

፯. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት አሳብ አጭር ነው። አሜሪካኖች ቍጥሩን አሳጥረው መነሻውን ንኡስ ተቋራጩ በማያዝዘው ነገር ላይ ተከሉት። እንግሊዞች መነሻውን አስተካክለው ቍጥሩን ለጉልበተኛው ለቀቁት። ፈረንሳዮች የታወቀውን ሰው ጠብቀው ያልታወቀውን ተዉት። በአገራችን ወደ ፊት እንዲህ ያለ ሕግ የሚወጣ ከሆነ አራት ነገሮች ቢታሰቡበት መልካም ይመስለናል። አንደኛ፣ ቀኑ የሚቈጠረው ንኡስ ተቋራጩ ራሱ ሒሳቡን ካስረከበበት ቀን ይሁን፤ ይህን ቀን ሁለቱም ወገኖች ያውቁታል። ሁለተኛ፣ የቀኑ ቍጥር በውል ሊራዘም የማይችል ጣሪያ ይኑረው። ሦስተኛ፣ ዋናው ተቋራጭ ላለመክፈል ምክንያት ካለው ልኩንና ምክንያቱን በጽሑፍ ካልገለጸ በቀር ምክንያቱ አይሰማለት። አራተኛ፣ የመዘግየት ወለዱ ከባንክ ማበደሪያ ወለድ በላይ ሆኖ ያለ ማስጠንቀቂያ ከመክፈያው ቀን ማግስት ጀምሮ ይቈጠር።

እነዚህ አሳቦች ሁሉንም ችግር ያስወግዳሉ አንልም። የቃል ውል እስካለ ድረስ ሒሳብ ያስረከበበትን ቀን የሚያስረዳ ወረቀት የሌለው ሰው ይኖራል፤ ለእርሱ የሚሆን መፍትሔ ሌላ ጥናት ይፈልጋል። በተለይም የምሕንድስና ተማሪዎች በየሕንፃው ሥራ ቦታ እየተገኙ ልኬት ከተወሰደበት ቀን እስከ ክፍያው ቀን ያለውን ጊዜ ቢመዘግቡልን፣ እዚህ በአሳብ ያቀረብነውን በቍጥር ለመመርመር ይቻላል። ያላየነውን ያየ፣ የተሳሳትነውን ያረመ አንባቢ በሚቀጥለው ቍጥር ቢጽፍልን ደስ ይለናል። እስከዚያው ድረስ ባለ ልስኑ ቅዳሜ ሲደርስ ለሠላሳ ሠራተኞቹ ደመወዝ መክፈል አለበት፤ የእነርሱ ቀን ከየት እንደሚቈጠር የሚጠራጠር ማንም የለም።